ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ የባክቴሪያን ጂኖም አኖቴት ማድረግ፦ በነጻ ሶፍትዌር፣ ደረጃ በደረጃ

የባክቴሪያችሁን ሙሉ ዲኤንኤ (ጂኖሙን) አስነብባችሁ የሚሰጣችሁ ፋይል ሲከፈት ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች። ሁለት ነጥብም አራት ነጥብም የሌለው ጽሑፍ በሉት። አኖቴሽን ማለት በዚያ ጽሑፍ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ይህ ጂን ከየት ተነስቶ የት ያልቃል? በየትኛው አቅጣጫ ይነበባል? የሚሠራው ፕሮቲን ምንድን ነው?

ይህን የምጽፈው ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ቂሊንጦ ለሚማሩ፣ ሆለታ፣ ሰበታና ቢሾፍቱ በምርምር ማዕከላት ለሚሠሩ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ ከቴሲሳቸው ጋር ለሚታገሉ። "ሰርቨር የለንም፣ ስለዚህ አንችልም" የሚለውን ንግግር ደጋግሜ እሰማለሁ። ይቻላል። ከባዱን ስሌት ሩቅ ያለ ኮምፒውተር በነጻ ይሠራላችኋል። የእናንተ ጊዜ የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑ ያወጣውን ውጤት በዓይን ለመመርመር። ማሽኑ የሚሰጠው ረቂቅ ነው። አኖቴሽኑን አኖቴሽን የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሰው ሥራ ነው። መመሪያውም ረጅሙን ቦታ የሰጠው ለዚያ ነው።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ከሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር በስተቀር።)

የሚያስፈልገው ዕቃ

አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ብራውዘር፣ አንድ ኢሜይል። ለባክቴሪያ ሥራ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ሶፍትዌሮቹ በሙሉ ነጻና ክፍት ምንጭ ናቸው። ክራክ መፈለግ የለም፤ የፈቃድ ቁልፍ መለመንም የለም።

ዋናው መድረክ ጋላክሲ ነው። በ2005 በአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ዛሬ አሜሪካ፣ አውሮፓና አውስትራሊያ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ትልልቅ ሰርቨሮች አሉት። እኔ የማዘወትረው የአውሮፓውን ነው፤ ዩዝጋላክሲ ዶት ኢዩ ይባላል፣ ጀርመን ፍራይቡርግ ነው ያለው። ኮማንድ መጻፍ አይጠይቅም። መሣሪያ ትመርጣላችሁ፣ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ ራን ትሉታላችሁ።

ጋላክሲ ውስጥ የምንጠራቸው ሁለት የአኖቴሽን ፕሮግራሞች አሉ። ፕሮካ የቶርስተን ሲማን ሥራ ሲሆን በ2014 ታተመ። ፈጣንና ቀላል ነው። ባክታ በ2021 ከጀርመኑ ጊሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ዳታቤዙ ትልቅ ስለሆነ ለብዙ ጂኖች ስም ያገኛል። ለመማር ፕሮካን፣ ለሚታተም ሥራ ባክታን እመርጣለሁ።

ለዓይን ሥራው አርቴሚስ አለ። የእንግሊዙ ሳንገር ኢንስቲትዩት ከ2000 ጀምሮ በነጻ ያቀረበው ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ይጫናል፣ ጃቫ ይፈልጋል። አንዴ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህ ለእኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ መልሱ በሚታወቅ ጂኖም ጀምሩ

የራሳችሁን ናሙና ለጊዜው አቆዩት። ገና ያልለመዳችሁትን መሣሪያ በማታውቁት ጂኖም ላይ ብትሞክሩ፣ ስህተቱ የመሣሪያው ይሁን የናሙናው መለየት አትችሉም።

ለልምምድ የምመክረው የቲቢ ባክቴሪያ ነው፤ ኤች37አርቪ የሚባለው ዓይነት። ሙሉ ጂኖሙ በ1998 ታተመ። ርዝመቱ 4,411,532 ፊደል ነው፣ ጂኖቹ ወደ 4,000 ይጠጋሉ። ዓለም ላይ በብዛት ከተመረመሩት ጂኖሞች አንዱ ስለሆነ መልሱ እጃችሁ ላይ አለ። ደግሞ የእኛም ጉዳይ ነው። ሊኒየጅ 7 የሚባለው የቲቢ ዘር የተገኘው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከዚህ አካባቢ ውጭ ብዙም አይታይም። በዚህ ባክቴሪያ ላይ እጁን ያፍታታ ሰው ነገ የሚሠራበት አያጣም።

ደረጃ 2፦ አካውንት ክፈቱና ሥራችሁን ስም ስጡት

ዩዝጋላክሲ ዶት ኢዩ ገብታችሁ ሬጂስተር በሉ። ኢሜይላችሁን ሲያረጋግጡላችሁ ጨርሳችኋል። ገጹ በሦስት የተከፈለ ነው። በግራ መሣሪያዎቹ፣ በመሀል የምትሠሩበት ቦታ፣ በቀኝ ሂስትሪ የሚባለው የሥራችሁ መዝገብ።

ሂስትሪው ላይ የሚመጣውን "አንኔምድ" የሚል ስም ወዲያው ቀይሩት። የባክቴሪያውን ስም፣ ቀኑንና የሥራውን ዓላማ ጻፉበት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። አማካሪያችሁ ከወራት በኋላ "ያኛውን ውጤት እስቲ ላኩልኝ" ሲል ግን ታመሰግኑኛላችሁ።

የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ማንኛውም መለያ በፋይል ስም ላይ እንዳይኖር። ሰርቨሩ የሕዝብ ነው። ናሙናውን በኮድ ጥሩት፤ ኮዱን የሚፈታው ዝርዝር እናንተው ጋ ይቀመጥ።

ደረጃ 3፦ ዳታውን በእናንተ በኩል አታሳልፉት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የዳታ ፓኬጁን የሚጨርሰው። ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ያወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ወደ ጋላክሲ ይጭናል። አያስፈልግም። ሰርቨሩ ራሱ ሄዶ ያምጣው።

በግራ በኩል በመፈለጊያው "ኤንሲቢአይ አክሴሽን ዳውንሎድ" ብላችሁ መሣሪያውን አግኙ። የሚጠይቃችሁ ኤንሲቢአይ በተባለው የአሜሪካ የመረጃ ቋት ውስጥ ያለውን የመዝገብ ቁጥር ነው። የኤች37አርቪ ቁጥር ኤንሲ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች፣ ቀጥሎ የታችኛው ሰረዝ፣ ቀጥሎ 000962.3 ነው። ፎርማቱን ፋስታ አድርጉት። ጄንባንክ ፎርማት ብትመርጡ የተሠራው አኖቴሽን አብሮ ይመጣል። ፋስታ ግን ባዶ ፊደሉን ብቻ ያመጣል። እኛ የምንፈልገው ባዶውን ነው።

ፋይሉ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ካለ አድራሻውን ኮፒ አድርጋችሁ አፕሎድ ውስጥ "ፔስት ኦር ፌች ዳታ" በሚለው ሳጥን ውስጥ ለጥፉት። ገና ያልተገጣጠመ ጥሬ ዳታ (ማሽኑ ያነበባቸው ቁርጥራጮች) ከሆነማ ይህ ዘዴ የግድ ነው ማለት ይቻላል። የአንድ ናሙና ጥሬ ዳታ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ከላፕቶፕ መጫን የማይቀር ከሆነ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ሌሊት ጫኑት።

ደረጃ 4፦ ፕሮካን አስነሱ

በመፈለጊያው ፕሮካ ብላችሁ ክፈቱት። ብዙ ሳጥን ታያላችሁ። አትደንግጡ፤ አብዛኛው እንዳለ ይቀመጣል። የምትነኩት ጥቂቱን ነው።

ኮንቲግ (የተገጣጠመ የዲኤንኤ ቁራጭ) በሚለው ቦታ ያመጣችሁትን ፋስታ ምረጡ። ሎከስ ታግ የሚለው ጂኖቹ የሚቆጠሩበት መለያ ነው፤ አጭር የላቲን ፊደል ስጡት። ጂነስና ስፒሺስ በሚሉት የባክቴሪያውን ሳይንሳዊ ስም ሙሉ። ኪንግደም ባክቴሪያ ይሁን። ጄኔቲክ ኮድ 11 መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ራን።

በቀኝ በኩል ያሉት ሳጥኖች በቀለም ያናግሯችኋል። ግራጫ ከሆነ ተራ እየጠበቀ ነው። ቢጫ ከሆነ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ሲሆን አልቋል። ቀይ ከሆነ ተሰናክሏል፤ ሳጥኑ ላይ የነፍሳት ምስል ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ምን እንዳለ አንብቡ። ፕሮካ የአንድ ባክቴሪያ ጂኖም በተራ ዴስክቶፕ ላይ በ10 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል። ሰርቨሩ ላይ ግን ወረፋም አለ።

አሁን ላፕቶፑን መዝጋት ትችላላችሁ። ከዚህ አካባቢ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ጋላክሲን የምመክርበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ባትሪው ቢያልቅ ሥራው ፍራይቡርግ ይቀጥላል። ማታ አዝዛችሁ ተኙ። ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ወይም ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ በስልክ ክፈቱት፤ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ድምሩን እዩ

ፕሮካ ብዙ ፋይል ያወጣል። መጀመሪያ ትንሿን የቲኤክስቲ ፋይል ክፈቱ። ጥቂት መስመር ናት። ስንት ፕሮቲን የሚሠራ ጂን፣ ስንት ቲአርኤንኤ፣ ስንት አርአርኤንኤ (ሁለቱም ፕሮቲን በመሥራት የሚረዱ አርኤንኤዎች ናቸው) እንደተገኘ ትናገራለች።

ለኤች37አርቪ የጂኑ ቁጥር 4,000 አካባቢ መሆን አለበት። አርአርኤንኤው 3 ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ያለው አንድ ስብስብ ብቻ ስለሆነ። ቲአርኤንኤው 45 አካባቢ ይሆናል። በትንሹ ቢለያይ ፕሮግራሞች ስለሚለያዩ ነው። በእጥፍ ከተለያየ ግን ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። ያስገባችሁት ፋይል የፈለጋችሁት መሆኑን መልሳችሁ ተመልከቱ።

ከዚያ የጂኖቹ ቦታ የተዘረዘረበትን የጂኤፍኤፍ ፋይል አውርዱ። ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ፓኬጅ አይጎዳም። የፕሮካ ጂኤፍኤፍ መጨረሻው ላይ ፊደሉን ራሱ ይዟል፤ ስለዚህ አንድ ፋይል ብቻ ይበቃችኋል።

ደረጃ 6፦ አርቴሚስ ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ

አሁን ኢንተርኔት አያስፈልግም። አርቴሚስን አስነስታችሁ ፋይል፣ ቀጥሎ ኦፕን ብላችሁ ጂኤፍኤፉን ክፈቱ።

ዲኤንኤ በስድስት መንገድ ሊነበብ ይችላል፤ ሦስቱ ወደ ፊት፣ ሦስቱ ወደ ኋላ። አርቴሚስ ስድስቱንም በስድስት መስመር ያሳያችኋል። ቀጫጭኖቹ ጥቁር ቋሚ መስመሮች ንባብ የሚቆምባቸው ኮዶኖች (ባለ ሦስት ፊደል ቃላት) ናቸው። ባለ ቀለም ሳጥኖቹ ፕሮካ ጂን ነው ያላቸው ቦታዎች። ከታች ያለው ክፍል ያንኑ ቦታ አቅርቦ ፊደል በፊደል ያሳያል።

ጎቱ፣ ቀጥሎ ናቪጌተር የሚለውን ክፈቱ። በጂን ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ አርፒኦ-ቢ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አስገቡ። ይህ ጂን ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት የሚያጠቃውን ፕሮቲን የሚሠራ ነው። በኤች37አርቪ መዝገብ ከ759,807 እስከ 763,325 ተዘርግቷል። 3,519 ፊደል፣ 1,172 አሚኖ አሲድ።

የእናንተ ሳጥን የት ይጀምራል? መጨረሻው ላይ ችግር አይኖርም፤ የማቆሚያ ኮዶን ግልጽ ነው። አጀማመሩ ላይ ግን ቆዩ። የታችኛውን ክፍል አንብቡት። 759,807 ላይ ያለው መነሻ ቲቲጂ ነው። ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነው ኤቲጂ ነበር። ባክቴሪያ ግን በጂቲጂም በቲቲጂም ይጀምራል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ደግሞ ኤቲጂ ካልሆነ መነሻ ጋር በጣም የተላመደ ነው። ከዚያ ቲቲጂ 18 ፊደል ወደ ኋላ ብትሄዱ ሌላ ሊሆን የሚችል መነሻ አለ። አንዳንድ መዝገቦች ጂኑን ከዚያ ነው የሚጀምሩት፤ ፕሮቲኑም 1,178 አሚኖ አሲድ ይሆናል።

6 አሚኖ አሲድ ቢጨመር ምን ችግር አለው? ችግር አለው። ሪፋምፒሲንን ከሚያከሽፉት ለውጦች በብዛት የሚታየው 450ኛው ሴሪን ወደ ሉሲን ሲቀየር ነው። መነሻው በ6 ኮዶን ከቀደመ ያው ቦታ 456 ይባላል። ኢ. ኮላይ በተባለው ሌላ ባክቴሪያ ጂን ላይ በተመሠረተው የቆየ አቆጣጠር ደግሞ 531 ነው። ሦስት ቁጥር፣ አንድ ቦታ። ሪፖርታችሁን የሚያነበው ሐኪም ወይም ባለሙያ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ካላወቀ ያለውን ለውጥ የለም፣ የሌለውን አለ ሊል ይችላል። ስለዚህ ለሰው የምትሰጡት እያንዳንዱ የለውጥ ቁጥር አጠገብ የትኛውን ማጣቀሻ ጂኖም እንደያዛችሁ ጻፉ። ሁልጊዜ።

መነሻውን ማስተካከል ካስፈለጋችሁ ሳጥኑን መርጣችሁ ኤዲት ውስጥ ትሪም የሚለውን ተጠቀሙ። ለምን እንደቀየራችሁት ደግሞ በጂኑ ማስታወሻ ውስጥ በአንድ መስመር አስፍሩ።

ከዚያ ጥቂት ርቃችሁ ጂኖሙን በአጠቃላይ ቃኙት። አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፤ ጥቁሮቹ የማቆሚያ መስመሮች ሳሳ ያሉ ናቸው። የቲቢ ጂኖም 65.6 በመቶው ጂ እና ሲ ነው። ማቆሚያዎቹ ቲኤኤ፣ ቲኤጂ እና ቲጂኤ ደግሞ ቲ እና ኤ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ እዚህ ጂኖም ውስጥ ማቆሚያ በአጋጣሚ ብዙም አይመጣም። ጂን ባልሆነ ቦታም ረጅም ክፍት ንባብ ታገኛላችሁ። በሌላ ባክቴሪያ "ረጅም ከሆነ ጂን ነው" የምትለዋ ዘዴ እዚህ ታታልላለች።

መፍትሔው ግራፍ ውስጥ ጂሲ ፍሬም ፕሎት የሚለውን መክፈት ነው። ሦስት መስመር ይሥላል፤ ለእያንዳንዱ የኮዶን ቦታ አንድ። እውነተኛ ጂን ላይ የሦስተኛው ቦታ መስመር ከሌሎቹ ተለይቶ ሽቅብ ይወጣል። ሳጥኑ ያለበት ንባብ ከግራፉ ጋር ካልተስማማ ጂኑን ተጠራጠሩት። ሁለት ጂኖች እርስ በርስ ሲደራረቡም እንዲሁ። 4 ፊደል መደራረብ በባክቴሪያ የተለመደ ነው፤ ኤቲጂኤ ላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ሁለት መቶና ሦስት መቶ ፊደል ከተደራረቡ ግን ከሁለቱ አንዱ የሐሰት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

4,000ውንም ጂን እንዲህ እዩ እያልኩ አይደለም። ለጥናታችሁ የሚያስፈልጓችሁን እዩ። መድኃኒት መቋቋም የምታጠኑ ከሆነ የመድኃኒት ጂኖቹን ሁሉ፤ አንዱንም ሳታስቀሩ።

ደረጃ 7፦ "ሃይፖቴቲካል ፕሮቲን" ሲበዛ

ይበዛል። ሃይፖቴቲካል ማለት ፕሮግራሙ ጂን አግኝቷል፣ ሥራውን ግን አያውቅም ማለት ነው። በ1998 ጂኖሙ ሲታተም በትክክል ሥራቸው የታወቀው 40 በመቶዎቹ ፕሮቲኖች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ሆኖም ማንም የማያውቀው አሁንም አለ፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ ያንኑ ፋስታ ለባክታ ስጡት። ብዙዎቹ ስም ያገኛሉ። ከ30 አሚኖ አሲድ በታች የሆኑና ፕሮካ የሚያልፋቸውን ትንንሽ ፕሮቲኖችም ይፈልጋል። የባክታ ሙሉ ዳታቤዝ በአሥሮች ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ላፕቶፕ ላይ ለማውረድ አትሞክሩ፤ ጋላክሲ ላይ ተጭኖ ይጠብቃችኋል። የቀሩትን በኢንተርፕሮስካን ወይም በኤግኖግ ማፐር ፈትሹ፤ ሁለቱም እዚያው አሉ።

ብላስት (ፕሮቲናችሁን ከታወቁት ጋር የሚያመሳስለው መፈለጊያ) ስትጠቀሙ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ስም ቀድታችሁ አትውጡ። ሁለት ቁጥር እዩ፤ መመሳሰሉ ስንት በመቶ ነው? የተመሳሰለው የፕሮቲኑ ስንት በመቶ ነው? የፕሮቲኑ ግማሽ ብቻ በ35 በመቶ ቢመሳሰል ስሙን ለመውረስ አይበቃም። ያገኛችሁት ፕሮቲን ራሱ ስሙን ያገኘው ከላቦራቶሪ ሙከራ ነው ወይስ ከሌላ ብላስት? ዩኒፕሮት በተባለው የፕሮቲን መረጃ ቋት ውስጥ "ሪቪውድ" የሚለውን ምልክት ፈልጉ፤ ሰው ያየው ማለት ነው። የተሳሳተ ስም ከአንድ ጂኖም ወደ ሌላው እየተቀዳ ለዓመታት ይኖራል። "ሃይፖቴቲካል" ብሎ መተው ነውር የለውም። የማታምኑበትን ስም ከመለጠፍ እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ አሁን የራሳችሁን ናሙና

ልምምዱ ካለቀ በኋላ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ከአኖቴሽን በፊት ግን የተገጣጠመውን ጂኖም ኳስት በተባለው መሣሪያ ፈትሹ። አጠቃላይ ርዝመቱ ቲቢ ከሆነ 4.4 ሚሊዮን አካባቢ ነው ወይ? ጂሲው 65 በመቶ አካባቢ ነው ወይ? ርዝመቱ 6 ሚሊዮን ከመጣ ናሙናው ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ ገብቷል። እሱን ሳያጸዱ አኖቴት ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው። ቡስኮ የተባለውም መሣሪያ መኖር ከሚገባቸው ጂኖች ስንቱ እንዳሉ ይነግራችኋል።

ፕሮካ ገና ሲጀምር ቀይ ከሆነባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኮንቲግ ስም መርዘም ነው። ከ37 ፊደል በላይ አይወድም። ኮምፕሊያንስ የሚለውን አማራጭ ብታበሩት ራሱ ስም ያሳጥራል።

ረጃጅም ንባብ ከሚያወጣው የናኖፖር መሣሪያ በመጣ ዳታ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ፊደል በተከታታይ ሲደጋገም፣ ለምሳሌ ሰባት ጂ ሲደረደር፣ መሣሪያው አንዱን ሊዘል ይችላል። አንድ ፊደል ከጎደለ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ በሙሉ ይዛባል። ጂኑም ለሁለት ይሰበራል። ምልክቱን በፕሮካ ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ያው ስም ቁጥር ተጨምሮበት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንድ እና ሁለት ተብሎ።

ካት-ጂ የተባለውን ጂን እንውሰድ። አይሶኒያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ገና አልነቃም፤ የሚያነቃው ይህ ጂን የሚሠራው የባክቴሪያው የራሱ ኤንዛይም ነው። ጂኑ ከተበላሸ መድኃኒቱ አይነቃም፣ ባክቴሪያውም ይተርፋል። እንግዲህ ዝርዝራችሁ ውስጥ ካት-ጂ አንድ እና ካት-ጂ ሁለት ጎን ለጎን፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለቱም አጫጭር ሆነው ቢመጡ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ጂኑ በእርግጥ ተሰብሯል፣ ይህ ታካሚ መድኃኒቱ አይሠራለትም። ወይ መሣሪያው አንድ ፊደል ዘልሏል፣ ጂኑ ምንም አልሆነም። ፕሮካ ይህን አይነግራችሁም። ጤነኛው ካት-ጂ 740 አሚኖ አሲድ ነው፤ ሁለቱን ቁራጭ ደምሩና አወዳድሩ። ጥሬ ዳታውን በሚኒማፕ2 መልሳችሁ ጂኖሙ ላይ አሰልፉ። ውጤቱን እዚያው ጋላክሲ ውስጥ በጄብራውዝ ክፈቱና የተሰበረበት ቦታ ላይ ሂዱ። የሚደጋገም ፊደል ላይ ከሆነና ንባቦቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ የመሣሪያው ስህተት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። አጫጭር ንባብ ከሚያወጣ ሌላ መሣሪያ የመጣ ዳታ ካላችሁ በእሱ አርሙት።

አጫጭር ንባብ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። ፒኢ እና ፒፒኢ የሚባሉት የቲቢ ጂን ቤተሰቦች ፕሮቲን ከሚሠራው የጂኖሙ ክፍል 10 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ፤ እርስ በርስም በጣም ይመሳሰላሉ። በአጭር ንባብ ሲገጣጠሙ ይቆራረጣሉ። እነዚያ ላይ የምታዩትን መጥፋትና መሰበር እንደ ግኝት አትጻፉ።

ጤፍና እንሰት ለምትሠሩ

ፕሮካም ባክታም ለእናንተ አይሆኑም። የዕፅዋት ጂን በመሀሉ ኢንትሮን (ወደ ፕሮቲን የማይተረጎም ክፍል) አለበት፤ ለባክቴሪያ የተሠራ ፕሮግራም አያውቀውም። የጤፍ የመጀመሪያው ረቂቅ ጂኖም በ2014 የታተመው ጸደይ በተባለው ዝርያ ላይ ነው፤ ጸደይ ከቢሾፍቱው ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው። በ2020 ደግሞ ዳቢ በተባለው ዝርያ የተሟላ ሥራ ታተመ፤ 68,255 ጂን ተመዘገበ። ጤፍ ከሁለት ጥንታዊ ዘሮች የተዋሃደ ስለሆነ አብዛኛው ጂን በጥንድ አለ።

አካሄዱ ባጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚደጋገመውን ክፍል በሪፒትማስከር ትሸፍናላችሁ። ቀጥሎ ከቅጠልና ከሥር የተነበበ አርኤንኤ ለማስረጃ ታቀርባላችሁ። ከዚያ ብሬከር ወይም ሜከር የተባሉት ፕሮግራሞች ያንን ይዘው ጂን ይተነብያሉ። ሥራው ከባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ለመጨረሻው የዓይን ሥራ አፖሎን ተጠቀሙ። አፖሎ ብራውዘር ላይ የሚከፈት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው፤ ሆለታ ያለውና ቢሾፍቱ ያለው ባለሙያ አንድ ጂኖም ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላሉ፤ ማን ምን እንደቀየረም ይመዘገባል። በማዕከላት መካከል ሰው ለሰው እንዲህ ሲሠራ ማየት በጣም እመኛለሁ።

ሥራውን ማካፈልና ማስመዝገብ

የሠራችሁት እያንዳንዱ እርምጃ ከነቅንብሩ ጋላክሲ ሂስትሪ ውስጥ ተቀምጧል። "ኤክስትራክት ወርክፍሎው" ብትሉት ወደ አንድ የሥራ ቅደም ተከተል ይለውጠዋል። ሁለተኛውን ናሙና በአንድ ቁልፍ ትሠሩታላችሁ። ሊንኩን ለአማካሪያችሁ ብትልኩለት እሱም ያያል። የፕሮግራሞቹን ቨርዥንና የባክታን ዳታቤዝ ቨርዥን ከዚያው ቀድታችሁ በቴሲሳችሁ ዘዴ ምዕራፍ አስገቡ።

ወደ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ከመላካችሁ በፊት የናሙናውን ፈቃድ አረጋግጡ። የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም የሚገዛ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ከሰው የተወሰደ ናሙና ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዳችሁ ዳታ ማጋራትን መፍቀድ አለመፍቀዱን መልሳችሁ አንብቡ። ይህን ከመላክ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል።

ጄንባንክ ወደተባለው የኤንሲቢአይ የመረጃ ቋት ስትልኩ ፒጋፕ በሚባለው የራሳቸው ፕሮግራም አኖቴት እንዲያደርጉላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አዲስ ለሆነ ሰው ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። በእጃችሁ ያረማችኋቸውን ጂኖች ግን ከነምክንያታቸው በሠንጠረዥ አድርጋችሁ ከጽሑፋችሁ ጋር አያይዙ፤ ፒጋፕ የእናንተን እርማት አያውቅም። የራሳችሁን አኖቴሽን ነው የምትልኩት ካላችሁ ደግሞ ሎከስ ታጉን አስቀድማችሁ ከፕሮጀክቱ ምዝገባ ጋር አስመዝግቡ። ከ3 እስከ 12 ፊደልና ቁጥር፣ በፊደል የሚጀምር፣ ሌላ ሰው ያልያዘው መሆን አለበት። የተሰጣችሁን መለያ ይዛችሁ ፕሮካን ወይም ባክታን በእሱ እንደገና አስነሱት፣ የእጅ እርማቶቹን መልሳችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ላኩት።